በክርንህ ግፋው

አራስ ናት ትርንጎ፣ አሥራ ሁለት ቀኗ፤
መጋረጃው ኋላ ነው አሁን ዙፋኗ።
ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ መርፌዬ ናት ሀብቴ፤
ከአራዳ በረንዳ አያልፍም እውቀቴ።
ግን የዓመቱ ሚጥሚጣ አልቋል ከብልቃጡ፤
ለአርባው ክርስትና ዘመዶች ሊመጡ።
ቁርጥ ያለ ሚጥሚጣ ቢቀርብ ለእንግዳ፣
ሐሜቱ ይሻገራል ከጓዳ ወደ ጓዳ።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ በማለዳ።
ወይዘሮ ዝማም ከቁናው መሃል
አንዲቷን አንሥታ ሰበረች ከፊቴ፤
በጠረኗ ብቻ አስነጠሰኝ ሦስቴ።
«ይቺ የቆላ ልጅ ናት፣» አለች እየሳቀች፣
«ቁመቷ ጥፍር ነው፤ ስንት ጎረምሳ አስለቀሰች!»

አባቴ «ባዘዘው» ብሎ ስም አወጣልኝ፤
አዛዡ ማን እንደሆን ዛሬ ተገለጠልኝ።
ከመጋረጃው ኋላ፦
«ቤት ውስጥ እንዳታምሰው፤ የልጁ ሳንባ ገና ጨርቅ ነው።
ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ፣ በቀስታ እሳት ነው።
ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እይ፤ እማማ ፋንታዬ አስም አለባቸው።
እንዳይጠቁር፤ ሲንኮሻኮሽ አውርደው።
ጓንት ከሌለህ ፌስታል እሰር በእጅህ፤
አፍንጫህን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍነህ
ውቀጠው። ጨዉን፣ ኮረሪማውን ኋላ ትጨምራለህ።
ስትጨርስ፣ ስማኝ፣ ውሃ ብቻውን አያወጣው፤
መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ በሳሙና ፈትገው።
እስክትታጠብ በሩን እንዳትነካው፤
በክርንህ ግፋው።
ዓይንህን —»

ልጁ አለቀሰ።
ቃሏ እዚያው ላይ ተበጠሰ።

ሁሉን አደረግሁት፣ አንዲት ሳላጎድል፤
ሙቀጫው ሲያጓራ፣ ዘነዘናው ሲገድል፣
ቀይ ትቢያው ሲነሣ፣ ጉሮሮዬ ሲቃጠል።
ፌስታሉ መሃል ላይ ተቀደደ። አየሁት።
«ትንሽ ናት» አልሁና ዝም ብዬ ተውሁት።

ከዚያ አንዲት የላብ ጠብታ
ከግንባሬ ወርዳ፣ ቅንድቤን ተራምዳ፣
እኔም፣ ክር በመርፌ ሳስገባ እንደ ልማዴ፣
ጣቴ ሄደ።
ዓይኔን ነካው።

ጎንደር ከነግንቧ ከፊቴ ጠፋች፤
ሺህ መርፌ ታጥቃ ያቺ ጥፍር ገባች።
ጎሃ ላይ ያለችው ፀሐይ እሾህ አወጣች።
ውሃ አፈሰስሁበት፤ ውሃው ይዞት ዞረ፣
በጉንጬ ላይ ወርዶ አንገቴን አሳረረ።
እሪ አልሁ። ትልቅ ሰው፣ የአንድ ልጅ አባት፣
በሩን በክርኔ ገፍቼ ገባሁባት።

አልተቆጣችም።
«ቁጭ በል። ቀና በል። እጅህን ወደ ኋላ፤ ልጁን እንዳትነካው።»
ልጁን በግራ ክንዷ አቀፈች፣
ጭንቅላቴን ከጉልበቷ አስደገፈች፤
ለብ ያለች ወተት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ዓይኔ ውስጥ ጠብ አለች።

ወዲያው በረደ አልልም። ቀስ ብሎ ነው፣
የከሰል ካውያ ከጨርቁ ሲነሣ
ጨርቁ ትንሽ ቆይቶ እንደሚረሳ።
ያ የአሥራ ሁለት ቀን ሰው አፉን ከፍቶ ያየኛል፤
ድርሻውን ስካፈል ምን ይለኛል?
እንዲህ ቀርቤ አይቻት አላውቅም፣
ያውም ታውሬ።

«‹ዓይንህን› ብለሽ ነበር፣» አልኋት ኋላ፣
«ያን ጊዜ፣ ልጁ ሳያቋርጥሽ። ምን ልትዪኝ ነበር?»

ሳቀች፤ ስፌቱ እስኪያማት ሳቀች፣
ሆዷን በእጇ ደግፋ።
«‹ዓይንህን ከዶሮዋ እንዳትነቅል፣ ስጡን ትበትነዋለች› ልል ነበር።
ዓይኑን በሚጥሚጣ እጅ እንዳያሽማ
ለባለ ጢም ሰው ማን ይመክራል?»

በአንድ ዓይኔ ወጣሁ።
ዶሮዋ ስጡ መሃል ቆማለች፤
ቀዩን እየመረጠች፣ ፍሬውን ትለቅማለች፣
ሳታስነጥስ፣
ሳታለቅስ።