አንሣኝ

ከዳንግላ ወጣሁ ጎህ ሳይቀድ፣ በሌሊት፣
ካሜራዬን ታቅፌ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጤዛ እንዳይነካበት፤
ዱርቤቴ ላይ ጭጋግ፣ ወተት ዓባይ ላይ ጉም፣
ሚኒባሱ ሙሉ፣ ለእግር ቦታ የለም፣
ከጎኔ ሽማግሌ በትር ተደግፈው፣ አይተኙም አያወሩም።

መራዊ ስንደርስ
ዞር አሉና ድንገት፦ «ወዴት ነህ፣ አንት ልጅ?»
«ባሕር ዳር፣ ትርኢት ላይ።
የጦርነት ዘመን ያሮጌ አውሮፕላን ላነሣ ነው እንጅ።»
«እኔም እዚያው» አሉኝ። «ስሜ አንሙት ይባላል፤
እናቴ ዋሻ ውስጥ ምጥ ላይ እያለች ነው እሱ በላይ ያለፈው፤
ሴቶቹ "አንሙት! አንሙት!" ብለው ሲጮኹ ሰምታ፣
ያው ስሜ ሆኖ ቀረ፣ ከዚያ ቀን የተረፈው።
ሰማንያ ሰባት ዓመት ስሜን ተሸክሜ ስኖር፣
ያወጣልኝን ጌታ መልኩን አላውቅም ነበር።»

ሜዳው ላይ ሕዝብ ሞልቷል፣
ፖሊስ ገመድ ይዟል፣ ልጅ ባባት ትከሻ፣ ቆሎ ሻጭ ይጮኻል፣
ከጣና የመጣ ንፋስ ባርኔጣ ይሰርቃል።
አራት ናቸው ቆመው፦ አንዱ ሆዱ ሰፊ፣ ዕቃ ጫኝ፣ ዳኮታ፣
(አባቴ ነግሮኛል፤ ከጦርነት ወዲያ እንደ በቅሎ ሲጫን፣
በርበሬና ቆዳ ከሞጣ ሲያወጣ፣ ጠዋትና ማታ፤)
ሁለቱ ቀጫጮች፣ አፍንጫቸው ሹል፣ የተርብ ዘመዶች፤
የቀረው ክንፍ በክንፍ ደርቦ ዳር ላይ ቆሟል፣ እንደ ሎሌ፣ በጸጥታ።

ሞተሩን አስነሡት፦ ሳለ፣ ጭስ ተፋ፣ አነጠሰ፣
ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሆዴ ውስጥ ታመሰ።

የሙያዬን ምሥጢር ልንገርህ ወዳጄ፣
ሠርግና ክርስትና ሃያ ዓመት አንሥቼ ያልገባኝን በእጄ፦
ሹተሩን ካፈጠንህ፣ ሰከንድን ለሺህ ከፍለህ፣ ውልብልቢቱ ይቆማል፣
አየር ላይ የሞተ፣ በክር የተሰቀለ መጫወቻ ይመስላል፤
ካዘገየኸው ግን፣ ለመቶ ሃያ አምስት ብቻ፣
ይዞራል፣ ክብ ጭጋግ ይሠራል፤
እጅህ ከተንቀጠቀጠ ግን ቀኑን ሙሉ የዋልህበት ከንቱ ዘመቻ።

ሲነሣ አነሣሁት።
ሲያጋድል አነሣሁት፣ ፀሐይ በሆዱ ላይ እንደ ዘይት ስታልፍ፣
ጥላው ጣና ላይ ወርዶ እንደ ታንኳ ሲንሳፈፍ።
ደስ አለኝ። አልዋሽም።
ለምን እንደ ተሠራ እያወቅሁት ደስ አለኝ፤
የደመኛውን ልጅ ሠርግ ቤት አይቶ እንደ ወደደ ሰው፣ ዓይኔ ከዳኝ።

ዞር ብዬ ሳይ ጊዜ አያ አንሙት የሉም፣
ገመዱን አልፈዋል፤ ፖሊሱ ሽበት አይቶ አልከለከላቸውም።
ባለ ድርብ ክንፉ አርፎ፣ ገና ትኩስ ነው፣ ይንቋቋል፤
አብራሪዋ ሴት ናት፣ ጸጉሯ በላብ ርሷል።
«ያኔ የመጣው ይሄ ነው?» አሉ። አስተርጓሚ መጣ።
«እሱ አይደለም» አለች፤ «እኩያው ነው፣ በዚያው ዘመን የወጣ።»
በትራቸውን ጣሉ፣
እጃቸውን ዘረጉ፣ ክንፉን ዳሰሱት። ቆሙ።
በጥፍር መቱት፤ ድም አለ፣ እንደ ከበሮ።

«ጨርቅ ነው!
አንት ልጅ፣ ጨርቅ ነው! ቀለም የቀቡት ኩታ፣
በመርፌ ተሰፍቶ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ!
እናቴ ብረት ነው ትለኝ ነበር፣ ብረት መስሏት ሞተች፤
ለካ ጨርቅ ፈርታ ነው፣ ጨርቅ ተከናንባ፣
አርባ ቀን ዋሻ ውስጥ የከረመች!»

ሳቁ። ወይ ሳቅ የሚመስል ነገር፤
እንባ ነበረበት፣ ምን እንደሆነ አልናገር።
ቆየት ብለው ደግሞ፦
«ጨርቅም ሆነ ብረት፣ የጣለው እሳት ነው።
ብቻ የሸማኔ ልጅ ነበረች፤
ትሰድበው ነበረ ስፌቱን አይታው።»

ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁ፦
«አያ አንሙት፣ ይቅር ወይ? ላላንሣብዎት?»
«አንሣኝ እንጅ» አሉኝ፤
«ያኔ ማንም አላነሣን።»
ጠቅ አደረግሁት።

ሹተሩን ረስቼ፣ መቶ ሃያ አምስት ላይ እንዳለ ኖሯል፤
ክንፉ ጥርት ብሎ፣ ፊታቸው ጥርት ብሎ፣
ጨርቁ ላይ ያለው እጅ ብቻ ጭጋግ ሆኗል።

ዛሬ ዳንግላ ላይ፣ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ፣ ከሙሽሮች መሐል ሰቅዬዋለሁ።
«እጁን አበላሸኸው!» ይሉኛል የጉርድ ፎቶ ሊነሡ የመጡ፤
«አገጭ ቀና» እላለሁ፣
«እዚህ ይዩ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ።»