ልክ

ዛሬ ዘጠናኛ ቀኑ፤ መዝገቡን ገልጬ ደወልኩ፣
«ማን ልበል?» አሉኝ። «ትርፌ ነኝ፣ ነርሷ፣ ከሆስፒታል» አልኩ።
ከአራዳ ቆርቆሮ ሥር የስፌት መኪናቸው ድምፅ
ከሐምሌ ዶፍ ጋር ተጋፍቶ ስልኩን ሞልቶታል ሲያምፅ።

አቶ አዛናው ልብስ ሰፊው።
ፊኛቸውን ከነዕጢው ያወጣው የሮቦት ክንድ፣
ሐኪሙ ጥግ ተቀምጦ፣ አጎንብሶ እንደሚሰግድ፣
እዚያ ህንድ ነው። ደብዳቤው «ደም ጥቂት፣ ችግር የለም»
ይላል፤ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲህ ያለውን አያውቅም።

የእኔ ድርሻ ነው ያን መሙላት፤ በአምስት ደረጃ፣ በአምስት ሳጥን፤
አምስተኛውን አልጠይቅም፤ ማን አንስቶ ይመልስልኛል ስልኩን?

«ትኩሳት ነበረ?» «ነበረ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣
ልጄ በባጃጅ አምጥታኝ፣ ጉሉኮስ ሥር አደርን።»
ደረጃ ሁለት። ጻፍኩ።
«ቁስሉስ?» «ስድስት ጠባሳ፤ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል፤
እጁ የማሽን ነው አሉ፣ ቢሆንም ስፌት ያውቃል።»

«ሌላስ ያስቸገረዎት?»
መኪናው ቀጥ አለ። ዝናቡ ብቻውን ቀረ።

«ሌሊት ከረጢቱ ለቀቀ፤ አልጋው ረግረግ ሆኖ አደረ።
ባለቤቴ ምንም አላለች፤ አንሶላውን ጎህ ሳይቀድ አጠበች፤
ያቺ ዝምታ ግን፣ ልጄ፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣች አለች።
ሚካኤል ላስቀድስ ሄጄ ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩኝ፣
ሽታ እንዳይኖረኝ ሰግቼ፤ ቄሱስ አልከለከሉኝ።
ከረጢቷም ከዚህ ስትጠፋ ከባሕር ዳር አስመጣኋት፤
የሦስት ቀኗን ከረጢት ዘጠኝ ቀን አደረስኳት።»

ብዕሬ ሳጥን ለሳጥን ዞረ፤ የሚያርፍበት አጣ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ።
«እኔ ሱሪ ስሰፋ የምለካው ሰውየውን አቁሜ ነው፤
ወገቡን ብቻ ለክቼ እግሩን ብረሳ፣ ማን ነው የሚለብሰው?»
ሳቁ። መኪናው ጀመረ።

ሪፖርቱ ላይ «ደረጃ ሁለት፣ አንድ ሰው» ተብሎ ይቆጠራል፤
ኅዳጉ ላይ ግን በእርሳስ
«አንሶላ፣ ቅጥር፣ ዘጠኝ ቀን» የሚል ይቀራል።

ቀጣዩ ስም። ከጭልጋ። ሠላሳኛ ቀን።
ደወልኩ። ዝግ ነው።
እንደገና ደወልኩ።