አስራት

ቪክቶሪያ ይዘንባል፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፤
ክዳን ደፍቶብን ነው የምናጠናው ሰማይ።
ማርጎት ሊንድክቪስት በመጋቢት ጡረታ ትወጣለች፤
ግማሹን መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ ከታለች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ናት፣ ደብዛዛ፣
ስትኖር የኖረች በትልቋ ታዛ።
ስም የላትም፤ ቁጥር ናት፦ ሁለት መቶ አምስት።
መጻሕፍቱ ሲሏት የኖሩት፦ መካን፣ ደረቅ፣
ከእንግዲህ ኮከብ ከእሷ የማይጠበቅ።

ግን አቧራ አላት።
ለዓይን ጥላሸት ነው፤ ጣት የነካው መስታወት።
በታሕተ ቀይ ግን ረመጥ፣ አመድ ያዳፈነው።
ረመጥ አልኩ እንጂ እጅ የሚሞቅበት አይደለም፤
ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሃምሳ፤
የዊኒፔግ ጥር እዚያ ቢደርስ ምድጃ ነው።
ይህን ለማየት የሚላከው ዓይን
ከዚህም ብሶ መብረድ አለበት፣
በሂሊየም ተነክሮ፣ የራሱን ትኩሳት ረስቶ።
“የሞቀ ዓይን የሚያየው ራሱን ነው” አለችኝ ማርጎት
በመጀመሪያው ቀን፣ ኮቴን ሳላወልቅ።
ስለ መሣሪያው መስሎኝ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፦
ያረጀ ኮከብ ሲሞት ቅርፊቱን ይተፋል፣
ጋዙን፣ አቧራውን ለሰፈሩ ያወርሳል።
ስንት ሽማግሌ አለ? በስንት ዘመን ስንቱ ሞተ?
አባዝተን፣ ደምረን፣ ውርሱን አሰላነው።
ከዚያ የታየውን መዘንነው፤
ከአስር አንድ።

አስራት፣ አልኩ። ማርጎት አማርኛ አታውቅም፤
ተረጎምኩላት፤ ሳቀች።
“ቄሱ የሚወስደው አንዱን አይደለም እንዴ?
ታዲያ ዘጠኙን የወሰደው ማነው?”

ትልቋ ናት እንበል፤ በቀረበቻት ቁጥር ስባ፣ ገፍፋ፤
ወይም ኮከብ ሲወለድ የተነሣ ነፋስ፤
ወይም ደግሞ እኛ፣ መቁጠር ያቃተን።
ገምጋሚው ሦስተኛውን መረጠ።

ደግመን ቆጠርን። የኋላውን ሰማይ ቀነስን፣
ከራሳችን መንደር የሚያልፈውን ጭጋግ ቀነስን፣
በገና ዋዜማ፣ ሕንጻው ወና ሳለ፣ ቆጠርን።
ከአስር አንድ።

ማርጎት መደርደሪያዋን ባዶ ያደረገች ቀን
ጣቷን በጣውላው ላይ አስኬደች፤
የሠላሳ አንድ ዓመት አቧራ፣ ግራጫ፣ ወፍራም።
“ዘጠኙ!” አለች፣ ጣቷን ወደ አምፖሉ አንስታ።

ቢሮው አሁን የእኔ ነው። ጨርቅ አለ፣ መሳቢያው ውስጥ።
ያችን አንድ መስመር፣ ጣቷ የሄደበትን፣
ግራና ቀኟን አያለሁ እንጂ ገና አልወለወልኩም።
ውጭ ይዘንባል። ፋይሉን ከፈትኩ፤
የኋላውን ሰማይ መቀነስ ጀመርኩ።