ቁመት

ግቤን ተሻግረን አቀበቱን ስንይዝ፣
ሎንቺናው አቃሰተ፣ ከነሰው ከነጓዝ።
“ይሄ ጉድጓድ የማን ነው? የዝናብ? የቦምብ?” አለ አንዱ ከኋላ፤
ሳቅን፤ ሳቃችን ሳይበርድ ሌላ ጉድጓድ፣ ደግሞ ሌላ።
ከታች በወንዙ ዳር የቀረው የድሮ ድልድይ እግር፣
ወገቡን የተመታው፣ ጉማሬ እየታከከው ብቻውን የሚያድር፣
አልሳቀም።

እኔ የመንገድ ቀያሽ ነኝ፤ ሥራዬ ምድር ማቅናት፣
ጎባጣውን ቀጥ ማድረግ፣ ስም ላለው ሁሉ ቁጥር መስጠት።
ሶኮሩን፣ አሰንዳቦን አልፌ ሰርቦ አጠገብ ወረድኩ፤
ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተከልኩ።
ቡናውን ለሁለት ከፍሎ የሚሄድ ቦይ አየሁ፤
“ጎርፍ የቦረቦረው” ብዬ በመዝገቤ ጻፍኩ፤
“በሁለት መኪና ገረጋንቲ ይሞላል” ብዬም ጨመርኩ።

አባ ነዚፍ፣ የማሳው ጌታ፣ በትከሻዬ በኩል አነበቡ።
“ጎርፍ?” አሉ። “ጎርፍ ወንዝ ፍለጋ ይወርዳል።
ይሄ ሽቅብ ነው የሚሄደው።
ጎርፍ ዳገት ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?

ጣልያን ሊሸሽ ሲል ነው፣ በዚያ በክረምቱ፤
አካፋ አደለ ላገሬው፤ ጅራፍ ከኋላው፣ ጭቃ ከፊቱ።
ሜትር የት አለ ያኔ? ‘ሁልህም በየቁመትህ ቆፍር’ አሉት።
እኔ በናቴ ሆድ ነበርኩ።”

ወረዱ። ተከተልኳቸው። ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል።
“ይሄ ሸሪፍ ነው፣ ግመል የሚሉት።
ይሄ ደግሞ ቱሉ፣ አንጥረኛው፤ አጭር ነው፣ ቶሎ ጨረሰ፣
ቁጭ ብሎ ጓደኞቹን ጠበቀ አሉ።”

አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ፤ ኮፊያቸውን አወለቁ።
ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ፣ እንደሚለካ ልጅ።
የጉድጓዱ አፍ ካናታቸው በላይ ቀረ።
“አባቴ ይሄ ነው” አሉ።
“ፎቶ የለው፣ መቃብር የለው፤ ከዚህ ወስደውት አልተመለሰም።
ቁመቱ ግን አለኝ።
ድሮ በሁለት ጣት ይበልጠኝ ነበር፤
አሁን እኔ ስጎብጥ፣ በስንዝር።”

ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ዓመት በዓመት፣
ቅጠሉን ይጠርጋሉ፣ ደለሉን በቅርጫት ያወጣሉ።
“አለዚያማ” አሉ፣
“አባቴ በየክረምቱ ያጥራል።”

ሜትሬን ዘረጋሁ። አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት።
መዝገቤን ገለጥኩ፤ ለአፈር ዓምድ አለ፣ ለአለት፣
ለውሃ፣ ለካሳ።
ለዚህ የለም።
በኅዳጉ ጻፍኩት።
“ጎርፍ” የሚለውን በላጲስ ፈተግሁ፤ ወረቀቱ ተቀደደ።

ጅማ ስገባ መሽቷል።
መስመሩ ካርታው ላይ እዚያው ነው፤ አለቃዬ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል።
ነገ እነግረዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምነግረው እንጃ።

ሌሊቱን ዘነበ።
የአልቤርጎው ቆርቆሮ እስኪነጋ ሲደበደብ፣
እኔ አልጋዬ ላይ ጣቶቼን ዘርግቼ፣
ስንት ጣት እንዳጠረ አሰላ ነበር።