እርጥብ ጤፍ

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
የጋሽ ሽብሩ ወፍጮ አለ፣ እኔ መዛኝ የሆንኩበት።
ጆንያ ይወጣል፣ ጆንያ ይወርዳል፣
እኔ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ደቻሳ ከወፍጮው አፍ ይደፋል።
አሥራ አንድ ዓመት የሰው እህል መዘንኩ፣
ስንት ኪሎ ነኝ ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩ።

ክረምቱ ሲገባ
ጉልበቴ አራተኛ ፎቅ አልወጣም አለኝ።
ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ሲስተር ለሊሴ ደሜን ለክታ ዝም ብላ አየችኝ፣
«ይታክቱ፣ ትንሽ ቀንሺ» አለችኝ።
ትንሽ ስንት ነው? በኪሎ አልነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ፣ ሰው ሲያልቅ፣ ሞተሩ ጸጥ ሲል ማታ፣
ጫማዬን አውልቄ፣ ሻርፔን ሰቅዬ፣ ወጣሁ በጆንያው ቦታ።
ሰማንያ አራት ተኩል።
በማግስቱ ሰማንያ አምስት።
ጠዋት ደግሞ ሰማንያ አራት ከምናምን፤
ያው ሚዛን፣ ያቺው እኔ፣ ማንን ልመን?

በቀን አንዴ የነበረው ሁለቴ ሆነ፣ ሁለቴው አራቴ፣
ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ። ሽንት ቤት ደርሼ መምጣቴ
እንኳ ያስመዝነኝ ጀመር።
ሁለት መቶ ግራም የጎደልኩ ቀን ለደንበኛው ሁሉ እስቃለሁ፣
የጨመርኩ ቀን የወይዘሮ አስካለን የሽሮ ሂሳብ እስታለሁ፣
መልስ እረሳለሁ።
ምሳ ዕቃዬን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ ቤቴ፣
ማታ ቆሜ ድስቱን እጠርጋለሁ፣ ሳይበራ መብራቴ።
ውሃ እንኳ ፈራሁ።
አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ብወጣ ሩብ ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ።
እውነት ለመናገር፣ ያረፍኩት መብራት የሄደ ቀን ነው፤
ሚዛኑ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምንም ቁጥር የሌለው።

ነሐሴ ላይ ነው። ቆርቆሮው ከዝናቡ ጋር ይሟገታል።
አንዲት እናት ከገላን መጡ፣ ጤፋቸው በጋሪ፣ ሸራው ተቀዶ ጆንያው ይንጠባጠባል።
አወጣነው፤ ሃያ ስድስት ተኩል።
«ከቤት ሲወጣ ሃያ አምስት ነው! ልጄ ናት የሰፈረችው፣
ይሄ ኪሎ ተኩል የመጣው ከየት ነው?
ለዝናብም ልክፈል ነው የምትዪው?»

እኔም እንደ ልማዴ፣ ዓይኔን ከደብተሩ ሳላነሳ፣
«ውሃ ነው፣ እማማ፤ ፀሐይ ሲመታው የሚነሳ።
ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ አልጨመረም፣ አልጎደለም፣
ዛሬ የተመዘነው ዝናቡ ነው፣ እህሉ አይደለም።
አሁን ብንፈጨው ድንጋዩ ላይ ይቦካል።
ይዘውት ይመለሱ፣ ያስጡት፣ ሲደርቅ ሰኞ ይምጡ፣
ያኔ እንመዝነዋለን...»
ብዬ ሳልጨርስ አንደበቴ ቆመ።

ደቻሳ ከወፍጮው ወዲያ፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣ ሳቀ።
ለካ ሲያየኝ ነበር የከረመው፣ ሁሉንም እያወቀ።
«ይታክቱ» አለ፣ «ምክሩ ጥሩ ነው። ለማን ነበር?»
ባዶ ጆንያ ወረወርኩበት፤ ምን ልመልስ፣ ምን ልናገር።

አሁን ሰኞ ሰኞ ነው። ጠዋት፣ ሻይ ሳልጠጣ፣
ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣
አንዴ።
የፈለገውን ይበል፣ ከደብተሩ ኋላ ገጽ ላይ እጽፍና እዘጋዋለሁ፤
አንዷን ሰኞ ብቻዋን አላምናትም፣ አራት ሲሆኑ አያቸዋለሁ።
በጥቅምት ሰማንያ ሦስት ነበርኩ፣ በኅዳር ሰማንያ ሁለት፣
የልደቱን ሰኞ አትጠይቁኝ፤ የእህቴ ዶሮ አለበት።

ሐሙስ ሐሙስ እግሬን ይበላኛል።
ሰው የለ፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሚዛኑ ቀይ ዓይኑን አብርቶ ያየኛል።
ጆንያ እጭንበታለሁ፣ ቁልፌን አነሳለሁ፣ እወጣለሁ።
አቧራውን ተሻግሬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ ስድስት፣ ደረጃውን እጀምራለሁ።
ድሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር ብረቱን ይዤ የምቆመው፣
ጎረቤት ሲያልፍ ስልክ የማናግር የምመስለው።
አሁን ሦስተኛው ላይ ነው።