የቤዛዊት ቆጠራ

ቆጥረህ ና ተባልኩኝ ጋራው ላይ ያለውን፣
በሩን፣ መስኮቱን፣ የቀረ ዕቃውን፣
በሦስት ኮፒ ቅጽ፣ ከነካርቦኑ፤
ባሕር ዳር አልነቃም፣ ገና ነው ቀኑ።

በሩን የከፈተው ጋሽ ስንሻው ነበረ፣
መቀሱን በሲባጎ ወገቡ ላይ ያሰረ።
ከቁልፉ ዘለላ አንዱ በሩን ያውቃል፣
የቀረው «የማን ነኝ?» እያለ ይጠይቃል።

ወንበር፣ ሃያ አራት፤ የአንዱ እግር የላላ።
መስታወት፣ አንድ ትልቅ፤ ጠርዙ የተበላ።
መጋረጃ፣ ስድስት፤ ፀሐይ ያሳሳው።
አልጋ፣ አንድ፤
ሰው ያልተኛበት፣ ሰው ያልተነሣው።

«ማን አድሮበት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁት፤
ብዕሬን አየና ሳቀብኝ ጥቂት።
«እኔ እያለሁ» አለኝ «የመጣው አንድ ነው፤
ዘበኛ አያስቆመው፣ ጥሩንባ አያሻው፤
ከዓባይ ወጥቶ ሌሊት፣ ያን ሁሉ ዳገት፣
ሣሩን ግጦ ይወርዳል፣ ሳይነጋ በፊት።»

ጉማሬ።
ጓሮ ወስዶ ዱካውን አሳየኝ፤ አራት ጣት፣
የድስት ክዳን ስፋት፣ የስንዝር ጥልቀት።

ድሮ ሲነጋ አፈር ተሸክሞ ይሮጥ ነበር፣
ዱካውን ሊደፍን፣ ሣሩን ሊያስተካክል።
ጽጌረዳው በገመድ ተለክቶ ቆሞ፣
ጥዱ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣
ጠጠሩ በወንፊት ተነፍቶ ተነጥፎ፤
መንግሥት በበሩ ፊት በስንት ስም አልፎ፤
እሱ ግን መቀሱን እየሳለ፣
«ባለቤቱ ቢመጣስ?» እያለ፣ «ቢመጣስ?» እያለ።

ከዚያ አንድ በጋ ፓምፑ ተሰበረ።
ታች ዓባይ ያጉረመርማል፣ ላይ ቅጠሉ አረረ፤
«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይል የነበረ ሰው
ለካ ይህን አይቶ ነው።
ደብዳቤ ጻፈ፣ መልስ የለም፤ ባልዲ ተሸከመ፤
በመጨረሻ ዱካ መድፈኑም ታከተው፣ አቆመ።

ግንቦት ላይ ዝናብ መጣ። ከመደቡ፣ ከጠጠሩ
ውሃው ቁልቁል ሸሸ፤ የያዘው ዱካው ብቻ።
ጉማሬው ከሐይቁ ዳር
በጣቱ መሐል ምን ይዞ እንደ ወጣ ማን ያውቃል፤
በየዱካው ውስጥ ቄጠማ በቀለ።

«አየህ» አለኝ ስንሻው፣ ቁጢጥ ብሎ፣
«ለእንግዳ ልንጎዘጉዝ ስንጠብቅ፣
እንግዳው ራሱ ጎዝጉዞ ሄደ።»
ከዚያ ወዲህ አልደፈነም።

ቅጹ ላይ «ባለንብረት» የሚል ረድፍ አለ።
ብዕሬን አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ።
ኋላ ካርቦኑን አወጣሁና
በአንዱ ወረቀት ላይ ብቻ፣ ለራሴ፣ ጻፍኩ፦
ዱካ፣ ሠላሳ አንድ።
ይዞታው፦ እርጥብ።