የቶኩዬ መደርደሪያ

ቁልቁለቱ ወደ ወደቡ ከሚወርድበት፣ የትራሙ ሐዲድ ከሚታጠፍበት፣
ሃኮዳቴ ከተማ፣ በረዶ ጣሪያውን በተጫነበት፣
አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ ደወሏ የወለቀ፣
ማቀዝቀዣዋ ከፊልም በቀር ዓሣ ይዞ ያላወቀ።
እኔ እዚያ ሠልጣኝ ነኝ፤ አቧራ እጠርጋለሁ፤
ቶኩዬ ስትሸጥ ጆሮዬን እጥላለሁ።

«ካሜራህን ተወው፤ እጅህን ዘርጋ» ትላለች ገና ከበሩ፤
ጣት ይንቀጠቀጣል፤ ይታያል ነገሩ።
ከዚያ ሌንሱን አንስታ በመስኮት አሻግራ ታያለች፣
እፍ ብላ በሸሚዟ ጫፍ ትወለውላለች፤
ቁጥሩን የምትናገረው መጨረሻ ነው።

ቶጋሺ መጣ፣ ስኩዊድ አጥማጁ፣
ኪስ የምትገባ ካሜራ በእጁ፤
ቁልፏ ሲጫን ሌንሷ እንደ ቀንድ አውጣ ዓይን የምትመዘዝ፣
ሩቁን ልታመጣ የምትጓጓ፣ ሲጨልም ግን የምትፈዝ።
«መቶ ስጪኝ» አለ፤ «ቅንጣቱ የደቀቀ፣ ዋጋውም ደህና ነው»፤
«ይቺ ስትረዝም ዓይኗ ይጠባል፤ መቶው ለእሷ ረሃብ ነው።
ጀልባህ ይወዛወዛል፤ አንተም ትወዛወዛለህ፤
ስምንት መቶ ውሰድ፤ ሻካራ ቢሆንም ልጅህን ትለየዋለህ።»

ኢቺካ ተማሪ ናት፤ ሌንሷ አፉ የሰፋ፣
በአንዲት ሻማ ጠግቦ የሚያድር፣ በጨለማ የማይከፋ።
ትናንት በዚያ በረዶ ስምንት መቶ ጭና
ቀዳዳውን ብታጠብበው፣ ሁሉ አንድ ላይ ጠራና
የውሻዋ ፊት፣ አጥሩ፣ የጎረቤት የልብስ ገመድ እኩል ተናገሩባት።
«ያንቺ መቶ ነው» አለቻት። «ብዙ ያለው ሰው ጥቂት ይበቃዋል፤
በዘገምተኛ ፊልም ሰፊውን ዓይን ክፈቺ፤ ኋላው በራሱ ይሟሟል።»

ለእኔ ደግሞ፣ ሒሳብ ዘግታ መብራቱን ስታጠፋ፦
«ስታመነቺ ብርሃን ጨምሪ፤ ኔጋቲቭ ጥጋብን ይችላል፤
የተራበ ጥላ ግን ጭቃ ሆኖ ይቀራል።»

በታኅሣሥ ፉሚ መጣች፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
በመሐረብ የተጠቀለለ ተጣጣፊ ካሜራ በደረቷ።
የባሏ ነው። እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው ቆዳው ማዕዘኑ ላይ ተልጦ፣
በጀርባው ቀይ መስኮት የስምንት ቁጥር አፍጥጦ።
«ስምንቱን አንስቶ ሞተ። አራት ይቀራል።»

ቶኩዬ መጽሐፍ አልገለጠችም፤ በጣቷ ቆጠረች፤
«ሠላሳ ዓመት። ፊልምም ያረጃል» አለች፤
«በየአሥር ዓመቱ ግማሹን ይረሳል፤ መቶው ሃምሳ፣ ከዚያ ሃያ አምስት፣
አሁን አሥራ ሁለት ነው። በቀትር ፀሐይ፣ በረዶ ላይ አንሺበት።»
ፉሚ ራሷን ወዘወዘች። «እኔ የምፈልገው የሌሊቱን መብራት፣
የስኩዊድ ጀልባዎቹን። ታሞ ሳለ በመስኮት ያያቸው ነበር፣
ከአድማስ ሥር እንደ ሁለተኛ ከተማ መብራታቸው ሲደረደር።»

ቶኩዬ ዝም አለች።
ከዚያ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ወደ እኔ ገፋችው።

ግንቡ ላይ ቆምን፣ ነፋሱ ጨው እየረጨ።
የመዝጊያውን ገመድ ፉሚ ያዘች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ለዚህ ሌሊት ግድ የለም፤ ጸንቶ መቆም የካሜራው ሥራ ነው።
«ክፈቺ።»
ቆጠርን፤ ስልሳ፣ መቶ፣ መቶ ሃምሳ ደረስን፤
ጀልባ ባለበት አይቆምም፤ እያወቅን ታገሥን።
ሦስት መቶ ላይ ቶኩዬ «ይብቃ» አለች፤ ፉሚ «ትንሽ» አለች።
ሌላ ሠላሳ ቆጠርን።

በሳምንቱ ፊልሙ ከገመድ ላይ ሲደርቅ አየነው፤
ከባሏ ስምንቱ፣ ሰባቱ ጉም ብቻ ነው፤
በአንዱ የሴት ትከሻ አለ፣ ወይም የወንበር መደገፊያ፤
ፉሚ «ትከሻ ነው» ብላ ወሰነች።
የእኛዎቹ ሲታተሙ፣ ጨለማው ወደ ቀይ ያደላ፣
መብራቶቹ ነጥብ ሳይሆኑ ክር፣ በመርፌ የተጎተቱ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ።

ቦርሳዋን ከፈተች። «አዲስ ስጪኝ፣ ለዚሁ ካሜራ።»
የቶኩዬ እጅ ወደ መቶው ሄደ፤ መዝጊያው ከሁለት መቶኛ ሰከንድ አያልፍ፣ ውጭው የበረዶ ጠራራ።
«አራት መቶውን» አለች ፉሚ። «ከእንግዲህ ዘገምተኛ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም።»

ደንበኛ ሳትከራከር ሸኝታ የማታውቀው ቶኩዬ
አራት መቶውን በወረቀት ጠቀለለች፤
መልስ ስትሰጥ አንድ ሳንቲም ወደቀባት፤
ጎንበስ ብላ፣ ረዥም ጊዜ ፈለገች።